ሐዲድ ላይ ያልታሰረችው ሴት

ባለፈው ሰሞን ከሥራ ወጥተን ሻይ ቤት ቁጭ ባልንበት አንድ ባልደረባዬ ስልኩን ወደ እኔ አስጠጋና አጭር ቪዲዮ አሳየኝ። ጥቁር ኮፍያ ያጠለቀ፣ የጢሙን ጫፍ እየጠቀለለ የሚስቅ ሰውዬ አንዲት ሴት ሐዲድ ላይ በገመድ ይጠፍራል። ባቡሩ ይመጣል። ሴትዮዋ ትንፈራገጣለች፣ ፒያኖው ይንጫጫል፣ ሁሉም ነገር እንደ እብድ ይጣደፋል። «አንቺ የምትወጂው ድምፅ አልባ ፊልም ማለት እኮ ይሄ ነው» አለኝና ሳቀ። በዚህ አልተናደድኩም። ያናደደኝ አስከትሎ ያላት ናት፦ «ቁም ነገር ቢኖራቸው ኖሮ እስከዛሬ ሁላችንም እናያቸው ነበር። ጊዜ ሰፌድ ነው፤ ገለባውን ያበናል፣ ፍሬውን ያስቀራል።»

መልስ አልሰጠሁትም። እኔ መልስ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ቤት ገብቼ ጫማዬን ካወለቅኩ በኋላ ነው። ስለዚህ መልሴ ይኸው፤ ትንሽ ረዘም ይላል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ባልደረባዬ ሁለት ነገር ተሳስቷል። አንደኛ፣ ያሳየኝ ምስል የዚያን ዘመን የባቡር ፊልሞች አይወክልም። ሁለተኛ፣ ጊዜ ሰፌድ አይደለም። ሁለተኛው ስህተት ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ምክንያቱም ያ ስህተት ያለፈውን ብቻ አይደለም የሚበላው፣ የእኛንም ነገር ይበላል።

ከገመዱ እንጀምር። ሰውን ሐዲድ ላይ አስሮ ባቡር መጠበቅ ፊልም ከመፈጠሩ በፊት የቲያትር ነገር ነበር። በ1867 ኒው ዮርክ ውስጥ ኦገስቲን ዴሊ «አንደር ዘ ጋዝላይት» የተባለ ቲያትር አቀረበ። እዚያ ቲያትር ውስጥ ሐዲድ ላይ የሚታሰረው ወንድ ነው። የምታድነው ደግሞ ሴት ናት፤ የተቆለፈባትን በር በመጥረቢያ ሰብራ ወጥታ። ትዕይንቱ ተወደደ፣ ተኮረጀ፣ በመጨረሻም ተሰለቸ። ፊልም ሠሪዎች ጋ ሲደርስ የሚሳቅበት ነገር ሆኖ ነበር። ሴት ሐዲድ ላይ ታስራ የምናይባቸው ሁለቱ ታዋቂ ድምፅ አልባ ፊልሞች፣ የ1913ቱ «ባርኒ ኦልድፊልድስ ሬስ ፎር ኤ ላይፍ» እና የ1917ቱ «ቴዲ አት ዘ ትሮትል»፣ ሁለቱም ኮሜዲ ናቸው። ሁለቱም የወጡት ማሳቅ ሥራው ከነበረው ከማክ ሴኔት ቤት ነው። ሰውዬው ጢሙን የሚጠቀልለው ተመልካቹ በአሮጌው ቲያትር እንዲስቅ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ቀልዱን እንደ ምስክርነት የተቀበልነው እኛ ነን።

እስቲ አስቡት፦ የዛሬ መቶ ዓመት አንድ ሰው የእኛን ዘመን ሐኪሞች የሚያውቀው በሐኪም ከሚቀልዱ የቲክቶክ ቪዲዮዎች ብቻ ቢሆንስ? በዚያ ላይ «ሌላው የጠፋው ስለማይረባ ነው» ብሎ ቢደመድምስ?

የድሮ ተመልካችን ጅል ማድረግ ግን በጣም እንወዳለን። የሉሚዬር ወንድማማቾች ባቡር ላ ሲዮታ ጣቢያ ሲገባ የሚያሳየውን ፊልም በ1896 ሲያቀርቡ ሕዝቡ «ባቡሩ ሊጨፈልቀን ነው» ብሎ ከአዳራሹ ሮጦ ወጣ የሚለውን ተረት ያልሰማ የለም። ተመራማሪዎች ግን ለዚህ ሽሽት የዚያን ጊዜ ማስረጃ ፈልገው አላገኙም። እኛም ዘንድ አያቶቻችን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብለው መጥራታቸውን ስንተርክ ፈገግ እንላለን፤ ለምን እንዲያ እንዳሉት፣ ከመካከላቸውስ ስንቱ በማግስቱ ተመልሶ እንደገባ አንጠይቅም። የድሮ ሰው ሲደነግጥ ማየት ደስ ይለናል መሰለኝ፤ እኛ የማንደነግጥ ያስመስለናል።

ታዲያ በቁም ነገር በተሠሩት የባቡር ፊልሞች ውስጥ ሴትየዋ የት ናት? ሥራ ላይ ናት። ጣቢያ ውስጥ፣ ቴሌግራፍ ማሽኑ ፊት።

የዘውጉ አባት የሚባለው የኤድዊን ፖርተር «ዘ ግሬት ትሬይን ሮበሪ» የወጣው በ1903 ነው፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በፊልሙ የሚታሰረው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የቴሌግራፍ ሠራተኛው፣ ወንዱ። ሽፍቶቹ ቢሮው ገብተው ይጠፍሩታል። ገመዱን የምትፈታው ምሳ ይዛለት የመጣች ትንሽ ልጁ ናት። ይኸው፣ የባቡር ፊልም ሀ ብሎ ሲጀምር ገመዱ ያለው በሴቷ ላይ አይደለም።

በ1911 ደግሞ ግሪፊዝ «ዘ ሎንዴል ኦፕሬተር»ን ሠራ። (ግሪፊዝ ከአራት ዓመት በኋላ ያንን ዘረኛ ፊልም የሠራው ሰውዬ ነው፤ ሰውየውን ለመከላከል አልመጣሁም።) ብላንች ስዊት የምትጫወታት ወጣት አባቷ ሲያመው በእሱ ቦታ ቴሌግራፍ ላይ ትቀመጣለች። የሠራተኞች ደመወዝ በባቡር ይመጣል፤ እሱን ያዩ ሁለት ሌቦች በሩን ሊሰብሩ ይጀምራሉ። ልጅቷ ለቀጣዩ ጣቢያ መልእክት ትመታለች፤ ፍቅረኛዋ ሎኮሞቲቩን አስነስቶ ይከንፋል። ሌቦቹ ሲገቡ መብራቱን ታጠፋና በጨለማው ውስጥ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ትደግንባቸዋለች። ሽጉጥ መሰላቸው። እርዳታው ደርሶ መብራት ሲበራ በእጇ የያዘችው የብሎን መፍቻ ሆኖ ይገኛል። ፊልሙ አሥራ ሰባት ደቂቃ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዓት ተኩል የፈጀብኝ፣ የብሎን መፍቻዋን ያህል ብልሃት ያላየሁበት ፊልም ስንት እንደሆነ አልቆጥርም።

ከዚያ ሄለን መጣች። «ዘ ሃዛርድስ ኦፍ ሄለን» ካሌም የተባለ ኩባንያ ከ1914 እስከ 1917 ያወጣው ተከታታይ ነው፤ 119 ክፍል አለው። አንድ መቶ አሥራ ዘጠኝ! እያንዳንዱ ክፍል በራሱ የቆመ፣ አንድ ጥቅል ፊልም የሚሞላ አጭር ታሪክ ነው። መጀመሪያ ሄለን ሆልምስ፣ ቀጥሎ ሄለን ጊብሰን ተጫውተውታል። ሄለን የጣቢያ ቴሌግራፍ ሠራተኛ ናት። ያመለጠ ሎኮሞቲቭ፣ ሐዲድ የሚያበላሽ ወንጀለኛ፣ የተሰረቀ ደመወዝ፣ ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ባቡሮች፤ በየሳምንቱ አንዱ እሷ ላይ ይወድቃል። ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ የባቡር ጣሪያ ላይ ትሄዳለች፣ ታድናለች። አለቆቿ በብዛት አያምኗትም። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሥራ ገብታ ትገኛለች።

እኔ የሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። በወር አንድ ሳምንት የሌሊት ተረኛ እሆናለሁ፤ ሲስተሙ ከተበላሸ ስልኬ ይጮኻል፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ቢሆን ላፕቶፔን ከፍቼ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ዓለም ተኝታለች፣ አንድ ነገር በተሳሳተ አቅጣጫ እየከነፈ ነው፣ እሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ስሜት በፊልም ፈልጌ አላገኘሁትም ነበር። ሃከሮች በአረንጓዴ ፊደል ስክሪን ሲሞሉ ነው የሚያሳዩን። ስሜቱን ያገኘሁት ከመቶ ዓመት በፊት፣ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ የቴሌግራፍ ቁልፍ በምትመታ ልጅ ፊት ላይ ነው። የሌሊት ተረኛ ነበረች። በዚህ ምክንያት ነው «ያንቺ ፊልም እኮ ይሄ ነው» ተብሎ ገመድ ሲታየኝ ደሜ የፈላው።

ለመሆኑ የባቡር ፊልም ለምንድን ነው ልብ የሚያንጠለጥለው? ባቡር መሪ ስለሌለው ነው። መኪና ይታጠፋል፣ ፈረስ ይዘላል፤ ባቡር ከሐዲዱ ሌላ መሄጃ የለውም። ላቁም ቢልም ወዲያው አይቆምም፤ ከበስተኋላው የሚገፋው ክብደት አለ። በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ከተላኩ ውጤቱ ታውቋል፤ ያልታወቀው ሰዓቱ ብቻ ነው። ከባቡሩ ቀድሞ መድረስ የሚችል አንድ ነገር አለ፣ እሱም ሽቦ ላይ የሚሄደው መልእክት ነው። ስለዚህ ወንጀለኛው መጀመሪያ የሚቆርጠው ሽቦውን ነው። ሽቦው ሲቆረጥ መልእክቱን የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል፦ በእግር፣ በፈረስ፣ በሞተር ብስክሌት፣ በሌላ ባቡር። ታሪኩ በቃ ይሄ ነው፤ መልእክት ከክብደት ጋር ይሽቀዳደማል።

ይህን ለመረዳት ድምፅ አያስፈልግም፤ ቃልም እምብዛም አያስፈልግም። ግሪፊዝ በ«ሎንዴል ኦፕሬተር» ወደ መቶ የሚጠጉ ሾቶችን እያፈራረቀ ሦስት ቦታ ያሳየናል፦ እሷን፣ በሩን የሚሰብሩትን፣ የሚከንፈውን ሎኮሞቲቭ። ሾት በተቀየረ ቁጥር «ምን ያህል ቀረው?» ብለን እናሰላለን። ተመልካቹ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ሂሳብ እየሠራ ነው። ዛሬ በየድርጊት ፊልሙ የምናየው ማፈራረቅ እንደዚህ ካሉ አጫጭር የባቡር ፊልሞች ብዙ ተምሯል።

ሁለተኛው ምክንያት ክብደቱ እውነተኛ መሆኑ ነው። ሄለን ጊብሰን በ1915 «ኤ ገርልስ ግሪት» በተባለው ክፍል ከጣቢያ ጣሪያ ላይ ወደሚሄድ ባቡር ጣሪያ ዘለለች። ርቀቱ በጥንቃቄ ተለክቷል፤ እሷም ባቡሩ ቆሞ ሳለ ተለማምዳበታለች። በቀረጻው ዕለት በትክክል አረፈች፤ ነገር ግን የባቡሩ እንቅስቃሴ ወደ ፉርጎው ጫፍ አንከባለላት። የአየር ማስገቢያውን ይዛ ተንጠለጠለች። ተንጠልጥላም ለካሜራው ያምር ዘንድ ሰውነቷን ወደ ውጭ ለቀቀችው። እኔ ምህንድስና ስለተማርኩ ይሆናል፣ የምወደው ዝላዩን ብቻ አይደለም። መለካቱን እወዳለሁ፣ ሳይለካ የቀረውንም ነገር ጭምር።

በ1926 ባስተር ኪተን ለ«ዘ ጄኔራል» ኦሬጎን ውስጥ እውነተኛ ሎኮሞቲቭ ከሚቃጠል ድልድይ ላይ ወንዝ ውስጥ ጣለ። ያ አንድ ሾት በጊዜው ገንዘብ 42,000 ዶላር ገደማ እንደፈጀ ይነገራል። ሁለተኛ ሙከራ አልነበረም። ሎኮሞቲቩ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ እዚያው ወንዝ ውስጥ ተቀምጦ፣ በኋላ ለብረቱ ሲባል ወጣ። በ1928 ደግሞ እንግሊዞች ለ«ዘ ሬከር» ፊልም ሃምፕሻየር ውስጥ እውነተኛ ባቡር ሐዲዱ ላይ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር አጋጩ። ግጭቱ አንዴ ብቻ ስለሚሆን ብዙ ካሜራ ዙሪያውን ተክለው ቀረጹት፤ ቀረጻው በኋላ ለሌላ ፊልምም አገልግሏል። እኔ ሥራዬ ላይ ስሳሳት ሁለት ቁልፍ ተጭኜ እመልሰዋለሁ። እነዚህ ሰዎች የሚመልስ ቁልፍ አልነበራቸውም፤ እሱ ደግሞ ምስሉ ላይ ይታያል።

አደጋውን እያሞገስኩ እንዳይመስል። በ1929ኙ «ዘ ፍላይንግ ስኮትስማን» ተዋናይዋ ፖሊን ጆንሰን ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ በሚከንፍ ባቡር ውጪ ተለጥፋ ስትሄድ ሳይ አሠሪዎቿ ላይ እናደዳለሁ። የባቡር ኩባንያው ራሱ ፊልሙ ላይ የሚታየው የደህንነት ጉድለት ስላሳሰበው መጀመሪያው ላይ ማስተባበያ ጽሑፍ እንዲገባ ሆኗል። ማንም ለእኔ መዝናኛ አጥንቱን እንዲሰብር አልፈልግም። ግን አንዴ ከሆነ በኋላ፣ ያንን ሁሉ አደጋ ተጋፍጠው የሠሩትን መጣል ሁለተኛ በደል ነው።

ደግሞም ጥለነዋል። አሁን ወደ ሰፌዱ ልምጣ።

የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 አንድ ጥናት አወጣ። ከ1912 እስከ 1929 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት ወደ 11,000 የሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ በወጡበት ይዞታ የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። 70 በመቶው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ ጥናቱ የቆጠረው ረጃጅሞቹን ነው። እንደ ሄለን ያሉ ባለ አንድ ጥቅል አጫጭር ፊልሞች በዚህ ሂሳብ ውስጥ አልገቡም። ከ119ኙ የሄለን ክፍሎች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ሆልምስ በ1917 የሠራችው ባለ 15 ክፍል የባቡር ተከታታይም እንደጠፋ ነው የሚቆጠረው። ርዕሱን ስነግራችሁ እንዳትስቁ፤ «ዘ ሎስት ኤክስፕረስ» ይባላል፣ የጠፋው ፈጣን ባቡር ማለት ነው።

ማን አበጠራቸው? የትኛው አዋቂ ቁጭ ብሎ «ይህ ፍሬ ነው፣ ያ ገለባ» አለ? ማንም። የዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራው ከናይትሬት ነበር፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ከተቀጣጠለ ውኃ ውስጥ እንኳ መንደዱን አያቆምም፣ ባይነድም ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። በ1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ የፎክስ ኩባንያ መጋዘን ተቃጠለና የኩባንያው ድምፅ አልባ ፊልሞች አብዛኛው አብሮ ነደደ። እሳቱ ጥሩውን ከመጥፎው አልለየም። በ1948 ዩኒቨርሳል የቀሩትን ድምፅ አልባ ፊልሞቹን ሆን ብሎ አስወገደ። ድምፅ ከመጣ በኋላ አሮጌ ፊልም መጋዘን የሚይዝ፣ ለእሳት የሚያሰጋ፣ ገቢ የማያመጣ ዕቃ ነበር። ፊልም ላይ ደግሞ ብር አለ፤ ማዕድኑን ማለቴ ነው። ብዙ ፊልም ብሩ ተለቅሞ እንዲሸጥ ተሰጥቷል። ኩባንያዎችም ይሸጣሉ፤ ካሌም በ1917 ለቪታግራፍ ተሸጠ፣ ቪታግራፍ በ1925 ለዋርነር ተሸጠ። ዕቃ ከቤት ቤት ሲዞር ምን እንደሚሆን ቤት የቀየረ ሁሉ ያውቀዋል።

የተረፈውስ እንዴት ተረፈ? በ1978 ካናዳ ውስጥ ዶውሰን ሲቲ በምትባል ሩቅ ከተማ ቆፋሪዎች 533 ጥቅል ፊልም ከመሬት አወጡ። ዶውሰን የማከፋፈያው መስመር መጨረሻ ነበረች። ፊልም እዚያ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ስለነበር ባለቤቶቹ የመመለሻውን ወጪ አይከፍሉም። ጥቅሎቹ ተጠራቀሙ፣ መቀመጫ ጠፋ፣ በመጨረሻ የመዋኛ ገንዳ ለመድፈን እንደ አፈር ተጣሉ። የበረዶው ምድር አቆያቸው። በ2010 ይፋ የሆነውም ግኝት ተመሳሳይ ነው፤ የጆን ፎርድን «አፕስትሪም» ጨምሮ ጠፉ የተባሉ የአሜሪካ ፊልሞች የተገኙት ከዓለም ጥግ፣ ከኒው ዚላንድ ነው። ታዲያ ሰፌዱ የታለ? የተከበረው መጋዘን ውስጥ ተቃጠለ፣ የተጣለው ጉድጓድ ውስጥ ተረፈ።

ደግሞ እንቀበልና ጊዜ ሰፌድ ነው እንበል። በስንት ዓመቱ ነው የሚያበጥረው? «ዘ ጄኔራል» ሲወጣ ብዙዎቹ ሃያሲዎች አልወደዱትም፤ ገንዘቡንም አልመለሰም። በ1927 ድምፅ ብትሰጡ ኖሮ ገለባ ነው ትሉ ነበር። የኪተን የቀድሞ ቤት ተሸጦ ተዋናዩ ጄምስ ሜሰን እጅ ሲገባ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ተቆልፎባቸው የተረሱ የኪተን የፊልም ጥቅሎች ተገኝተዋል። ስሙ እንደገና የተነሣው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። በ1989 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ የመጀመሪያዎቹን ፊልሞች ሲመርጥ «ዘ ጄኔራል» አንዱ ሆነ። በመሀል ባሉት ዓመታት አንድ መጋዘን ጠባቂ ሲጋራ ባይጥል ነው እንጂ፣ በጥራቱ አይደለም የተረፈው።

ይህን ሁሉ በቁጣ የምናገረው ንጹሕ ስለሆንኩ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት አንድ ትንሽ ድርጅት የሰርቨር ቦታ ሞላብንና መፍትሔ እንዳመጣ ታዘዝኩ። አንድ ስክሪፕት ጻፍኩ፦ ለአሥራ ሁለት ወር ማንም ያልከፈተው ፋይል ይሰረዝ። ንጹሕ ኮድ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ አመሰገኑኝ። ከደንበኞቻችን አንዱ ፎቶ ቤት ነበር፤ የሠርግ ቪዲዮዎች ያስቀምጥ ነበር። ከወራት በኋላ አንዲት ሴት ደወለች። ሠርጓ ላይ አባቷ ሲመርቋት የተቀረጸውን ፈለገችው፤ አባቷ አርፈው ነበር። አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ያልከፈተችው ስላላስፈለጋት አልነበረም፤ አባቷ በሕይወት ስለነበሩ ነው። አልተቆጣችም። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ያን ቀን ሰፌዱ እኔ ነበርኩ። «ማንም አልከፈተውም» የሚለውን «ማንም አይፈልገውም» ብዬ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። የፎክስ መጋዘንና የእኔ ስክሪፕት ልዩነታቸው ጭሱ ብቻ ነው።

አሁን የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። «ሁሉን ማስቀመጥ አይቻልም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ሰርቨር ይሞላል፣ መጋዘን ይሞላል። ስለዚህ ይመረጥ። ግን ይታይና ይመረጥ፤ ሳይታይ ተጥሎ «ጊዜ መረጠ» አይባል። «ከ119 የሄለን ክፍሎች አብዛኛው አንዱን ታሪክ የሚደጋግም ይሆናል» ትሉኛላችሁ። ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ የሚወጣ ተከታታይ ነው፤ ካየኋቸው ጥቂቶች መካከልም የደከመ አለ። ግን የትኛው ምርጥ እንደሆነ ማን ያውቃል? ከ119 ገጽ ጥቂቱ የቀረ መጽሐፍ ይዘን ስለ ደራሲው ችሎታ እየፈረድን ነው።

«ያረጀ ነገር አያዝናናኝም፣ ሰዎቹ እንደ አሻንጉሊት ይንቀጠቀጣሉ» ለሚል ደግሞ ቴክኒካዊ መልስ አለኝ። አይንቀጠቀጡም ነበር። ብዙዎቹ ፊልሞች የተቀረጹት በእጅ በሚዞር ካሜራ፣ በሰከንድ ከ24 ባነሰ ፍሬም ነው። በ24 ሲታዩ ሰው ሁሉ ይጣደፋል፤ ሐዘኑም ቀልድ ይመስላል። በሰከንድ 18 ፍሬም ገደማ የተቀረጸ ፊልም አግኝታችሁ እየተጣደፈ ከታያችሁ ፍጥነቱን 0.75 ላይ አድርጉት፤ ወዲያው ሰው ይሆናሉ። ቀለምም ነበራቸው፤ ሌሊት የሆነው ትዕይንት ሰማያዊ ይነከር ነበር። «ሎንዴል ኦፕሬተር»ን ሰማያዊው በጠፋበት ኮፒ ካያችሁት መብራቱ የጠፋበት ክፍል ቀን ይመስላል፤ ሌቦቹም የብሎን መፍቻን ከሽጉጥ መለየት ያቃታቸው ጅሎች ይሆናሉ። ጅሎች አልነበሩም። ጨለማው ነው የጠፋው። እንግዲህ የተረፈውም ቢሆን ሙሉውን አልተረፈም፤ እኛ በጎደለው ኮፒ ላይ እንስቃለን።

«ይህ የአሜሪካኖች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚልም አይጠፋም። ከሃያ ዓመት በፊት በቪሲዲ ያየናቸውን የአማርኛ ፊልሞች በቅርቡ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? አንዳንዱ በደበዘዘ ኮፒ ይገኛል፣ አንዳንዱ ርዕሱ ብቻ ይታወሳል። የጠፋው ሁሉ ገለባ ስለነበር ነው? ቤታችሁ ያለው የተሰነጠቀ ሲዲ፣ የማይነሣው አሮጌ ሃርድ ዲስክ፣ አድሚኑ የዘጋው የቴሌግራም ቻናል፤ እሱስ? እኛ ከማንም ትውልድ በላይ እየቀረጽን፣ ኢንተርኔት አይረሳም እያልን ነው የምንኖረው። ኢንተርኔት የሌላ ሰው ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ እንደ እኔ ዓይነት አንዲት ልጅ ተቀምጣ ቦታ እንድታስለቅቅ ታዛለች።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። «ጥሩ ነገር ራሱ ይተርፋል» ማለት ይቅር። ጥሩ ነገር ራሱ አይተርፍም፤ አንድ ሰው ያተርፈዋል፣ ወይም በአጋጣሚ ይተርፋል። የምትወዱትን ነገር ሁለተኛ ኮፒ አስቀምጡ፣ በሌላ ቦታ። የቆየ ነገር ስታዩ ከመሳቃችሁ በፊት ፍጥነቱን አስተካክሉ።

ባለፈው ዓርብ ያንኑ ባልደረባዬን አስቀምጬ ከተረፉት የሄለን ክፍሎች አንዱን አሳየሁት፤ ድምፁን ዘግቼ፣ ፍጥነቱን 0.75 አድርጌ። መጀመሪያ ሻዩን እያማሰለ ነበር የሚያየው። በመሀል ማንኪያውን አስቀመጠ። ሄለን ወደሚሄደው ባቡር ስትጠጋ «አይ አይ አይ፣ እንዳታደርጊው» አለ፤ ከመቶ ዓመት በፊት የተቀረጸችን ሴት። አደረገችው። ሲያልቅ ስልኩን ከእጄ ወሰደና ወደታች እያንሸራተተ የሚቀጥለውን ክፍል ፈለገ።

«ቀጣዩ የት አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።